ቅዳሜና እሁድ በሆኖሉሉ

ሆኖሉሉ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የዋይኪኪ አሸዋ ብቻ ነው። ከተማዋ ያለችበትን የኦዋሁ ደሴት ከልቡ የሚወድ ነዋሪ ግን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ያቀናል። እ.ኤ.አ. በ1882 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ የኤሌክትሪክ መብራት ያየው ከኋይት ሃውስ ቀድሞ ነው።

ፎቁ ላይ አንድ ክፍል አለ። በ1893 ከዙፋናቸው የተገለበጡት የሃዋይ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ በ1895 ለወራት የታሰሩት እዚያ ነበር። በእስር ሳሉ ከጨርቅ ቁርጥራጭ መስፋት የጀመሩት ብርድ ልብስ ዛሬም በቤተ መንግሥቱ ይታያል። የተነጠቀ መንግሥታቸውን ታሪክ፣ ስሙንና ቀኑን ሳይቀር፣ በመርፌና በክር ጠልፈው አስቀሩት። ጎብኚው እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ይገባልም።

እሁድ የኑኡአኑ ፓሊ ገደል ተራ ነው።

በ1795 የንጉሥ ካሜሃሜሃ ሠራዊት የኦዋሁን ተዋጊዎች እስከ ገደሉ አፋፍ ገፋቸው፤ ብዙዎቹም ቁልቁል ወድቀው አለቁ። ዛሬ በዚያው አፋፍ ላይ ነፋሱ ቆብ ይነጥቃል፤ ከሥር የተዘረጋው አረንጓዴ ደግሞ ዓይን ያፈዛል።

ጉልበት የተረፈው ሌአሂ የተባለውን ተራራ፣ ማለትም ዳይመንድ ሄድን ይወጣል። መንገዱ በ1908 ለወታደራዊ መከላከያ የተሠራ ነው። በጥርና በየካቲት ከጫፉ ላይ ሆኖ ባሕሩን በትዕግሥት የሚቃኝ ሰው፣ ከአላስካ የመጡ ዓሣ ነባሪዎች ውሃውን ሰንጥቀው ሲተነፍሱ ሊያይ ይችላል።