ልጆችዎ ለጉባኤ ሀዋሳ ሲሄዱ

ከትምህርት ቤት ወይም ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የሚነግርዎ ስለ ጉባኤው ነው፤ መነሻ ሰዓቱን፣ ማደሪያውን፣ የአዳራሹን መርሐ ግብር። ስለ ከተማዋ ግን አንድም ቃል የለውም። በዚህ ምክንያት ቦሌ፣ ገርጂ ወይም አያት ያደጉ ልጆች ሦስት ቀን ሀዋሳ ከርመው አዳራሽ፣ ካፍቴሪያና አውቶቡስ ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ከመነሳታቸው በፊት አንድ ምሽት አብራችሁ ብትነጋገሩ ይህ አይሆንም።

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከቦሌ በአውሮፕላን የሚፈጀው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ጊዜ ካለ ግን መኪናው ይሻላል። ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱንና ሻሸመኔን እያለፉ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ማየት በመጽሐፍ ከተማሩት ጂኦግራፊ ይበልጣል።

ማለዳ አሞራ ገደል

የጉባኤው ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት በማለዳ በባጃጅ ወደ አሞራ ገደል ይሂዱ። አሳ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ዳር የሚያስጠጉት፣ ቆሮሶውና አምባዛው የሚታረደው እዚያ ነው። ፍርፋሪ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ቁመታቸው ትንሽ ልጅ ያህላል፤ ዛፉ ላይ ደግሞ ጉሬዛ ይዘላል። አሳውን ሙሉውን ተጠብሶ በአዋዜ፣ ወይም በጉላሽና በዱለት መልክ እዚያው ማግኘት ይቻላል። በጥሬው የሚበሉም አሉ፤ ልጆችዎ ግን የበሰለውን ይምረጡ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንደየቤቱ ነውና እሱን ቤት ጨርሳችሁ ላኳቸው።

ቆጮ ዋና ምግብ ሲሆን

የቦሌ ልጅ ቆጮን የሚያውቀው ክትፎ ቤት ነው። ከክትፎው ጎን ተቆርጦ ይመጣል፤ ሳይነካ የሚመለስበትም ጊዜ አለ። በሲዳማ ግን ቆጮ ዋሳ ይባላል፤ የማዕዱም ባለቤት እሱ ነው። ለዓመታት ያደገው እንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ፣ ከዚያ ነው ለምግብ የሚደርሰው። ከፋቁት ጀምሮ እስከሚያበስሉት ድረስ ሥራው በአብዛኛው የእናቶች ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ክትፎ ቤት ተመልሶ ሲቀመጥ ያንን ቁራሽ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ሊቀምሱት የሚገባው ምግብ ቡርሳሜ ነው። የበሰለው ዋሳ ተፈርፍሮ በቅቤ ይለወስና ሻፌታ በሚባል የሸክላ ገበታ ይቀርባል፤ ከጎኑ ወተት ወይም እርጎ አይጠፋም። ሻፌታው አንድ ነው፤ ዙሪያውን ተቀምጦ አብሮ መብላት ነው ወጉ። ልጆችዎ አፍንጫ እንዳይነፉ፣ ፎቶ ከማንሳታቸው በፊት እንዲያስፈቅዱ አስቀድመው ይንገሯቸው። «ኬሬ» የምትለው ቃል በሲዳምኛ ሰላም ማለት ናት፤ በእሷ ሰላምታ የጀመረ እንግዳ ፊት ይበራለታል። ቡርሳሜው ካለቀ በኋላ የሲዳማ ቡና ሳይጠጡ አይነሱ።

ጉዞው ከፍቼ ጫምባላላ ጋር ከገጠመ ዕድለኞች ናቸው። ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ በ2008 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀኑን የሚያስታውቁት ከዋክብትን የሚያነቡ አያንቶዎች ናቸው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ይለያያል። በበዓሉ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ሲሉ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል፤ ሕዝቡም በሐይቁ አቅራቢያ ጉዱማሌ ይሰበሰባል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም ክልል ስትሆን ልጆቻችን ስሟን የሰሙት በዜና ነው። በዜና የሰሙትን ሕዝብ በገበታው ዙሪያ ማወቅ ሌላ ነገር ነው፤ ነገ አብረው የሚሠሩትና የሚጎራበቱት ከእነዚሁ ልጆች ጋር ነውና።

ሳይረሱ

ሀዋሳ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ወባ አለ። አጎበር መኖሩን ይጠይቁ፤ ለማታ እጅጌው ረዥም ልብስ ይያዙ። ሐይቁን በጀልባ ማየት ደስ ይላል፤ መዋኘቱ ግን ይቅር። ቢልሃርዚያ አለበት፤ ጉማሬም አለ። ማታ ማታ ከጓደኞቻቸው ጋር በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ በእግር መንሸራሸር ይበቃቸዋል።

ከኪስ ገንዘቡ ላይ ለአንድ የአሳ ቁርስና ለአንድ ሻፌታ የሚሆን ለይተው ይስጧቸው። ሻፌታው ለብቻ አይበላምና ከሌላ ከተማ የመጣ የጉባኤ ጓደኛ ይጋብዙበት። ሲመለሱም «ጉባኤው እንዴት ነበር?» ከማለትዎ በፊት «ከማን ጋር በላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው።