ነርሲንግ የደረሳት እህቴ



ባለፈው ዓመት የዲፓርትመንት ምደባ በወጣበት ቀን ታናሽ እህቴ ከፔዳ እያለቀሰች ደወለችልኝ። የመጀመሪያ ምርጫዋ ሕክምና ነበር፤ የደረሳት ነርሲንግ። እኔም ፖሊ ሆኜ ምንም ሳላስብ «አይዞሽ፣ ትቀይሪዋለሽ» አልኳት።

ቅዳሜ አክስታችን ቤት ሄድን። አክስቴ በነርስነት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ቡና እያፈላች የእህቴን ነገር ሰማችና ስለ ራሷ ታወራን ጀመር። በዲፕሎማ እንደተመረቀች የተመደበችው ፎገራ፣ ወባ ከማይጠፋበት የሩዝ አገር ነበር። ቀጥሎ ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዛ በጀልባ ወደ ጣና ደሴቶች ተመላለሰች። ባሕር ዳር ስትዛወር ማዋለጃ ክፍል ገባች፤ በክረምት እየተማረችም ዲግሪዋን ያዘች። አሁን ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ትንከባከባለች። ትንንሾቹን እናቶቻቸው ደረት ላይ አስታቅፋ ታሞቃለች፤ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም ታስተምራለች።

«ሲሰለቸኝ ክፍል ቀየርኩ እንጂ ሙያ አልቀየርኩም፣ ልጄ» አለቻት። ድካሙንም አልደበቀችም፦ የሌሊት ተራው፣ የደመወዙ ማነስ፣ በረመዳን በአንድ ፍሬ ተምር አፍጥሮ ወደ በሽተኛ መሮጡ።

እኔ ግን ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ.) ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ሰባት ዘመቻ ወጥታ ምግብ እንዳበሰለች፣ ቁስለኛ እንዳከመች፣ በሽተኛ እንዳስታመመች መድረሳ ተምሬያለሁ። የነቢዩን ልጅ ጀናዛ ካጠቡት አንዷ ነበረች፤ በኋላም ባስራ ስትኖር ታቢዒዮች የጀናዛ አስተጣጠብን ከእሷ ተምረዋል። ከኸንደቅ በኋላ ቁስለኛው ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ያረፈውም መስጂድ ውስጥ በተተከለው የሩፈይዳ (ረ.ዐ.) ድንኳን ነው። ይህን ሁሉ ሸምድጄ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። እህቴ ስታለቅስ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም።

እናቶቻችን ሲታመሙ የምታስታምማቸው ሴት ነርስ እንፈልጋለን፤ እህታችን ነርስ ልትሆን ስትል ደግሞ እናዝናለን። ታዲያ ያቺ ነርስ ከየት ትምጣ?

እህቴ ምደባዋን አልቀየረችም። ሕክምና አሁንም ይቆጫታል፤ አልዋሽም። ባለፈው ጁሙዓ ግን የደም ግፊት መለኪያ ተውሳ መጣችና ክንዴን ጠቅልላ ትለካኝ ጀመር። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። በሦስተኛው በትክክል አነበበችውና ሳቀች። ያን ዕለት ስልክ ላይ ስላልኳት ነገር ይቅርታ ጠየቅኋት።

አላህ ያግራላት፤ በዱዓችሁ አትርሷት።