ሰኞ ማክሰኞ

ሰኞ ገበያ፣ ሰፈራችን ውስጥ ወንድሜን «ዝርክርኩ» የማይለው አልነበረም። 8 ዓመት ሞልቶት የጫማ ክር ማሰር፣ ሸሚዝ መቆለፍ ያቅተዋል። ሲኒ ከያዘ ይሰብራል። እኔም እኅቱ ሆኜ ስቄበታለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ግን እጅ እግሩን ደህና አድርጋ ካየች በኋላ «የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ነው» አለች። ከ100 ተማሪዎች 5 ወይም 6ቱ አለባቸው፤ ከስንፍና ጋር አይገናኝም። እማዬ መድኃኒት ስትጠብቅ፣ «እናቴ፣ ምን መጫወት ይወዳል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሰኞ ማክሰኞ» አለ እሱ ራሱ፣ ከእማዬ ነጠላ ጀርባ።

መልመጃውም እሱው ሆነ። ለብቻው ኳስ መጭመቅ ምናምን የለም፤ የሚፈልገውን ነገር ራሱን ከፋፍሎ መለማመድ ነው። በጠመኔ አንድ ቤት ብቻ እሥላለሁ። በአንድ እግሩ ከመዝለሉ በፊት «ምን ልታደርግ ነው?» እለዋለሁ። ይወድቃል። «ምኑ አልሠራም?»

«እጄን አልዘረጋሁም።»

ደግሞ ይሞክራል። መልሱን ብነግረው ለኔ ይቀለኝ ነበር (ትዕግሥት የለኝም)፤ ራሱ ያገኘውን ግን አይረሳውም።

በቀን ሩብ ሰዓት፣ ሦስት ወር። አሁን ረቡዕ ይደርሳል፤ ሐሙስ ላይ ይወድቃል። ክሩን ዛሬም እማዬ ናት የምታስርለት። ትናንት ግን ልጆቹ ከውጭ ሲጠሩት ጠመኔውን ከእጄ ነጥቆ ወጣ።