«ትፈትል ነበር» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ብዙዎቻችን «ነበር» ያለበትን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ «ዎዝ» እና «ኢንግ» አልብሰን እንሰደዋለን። እኔ ግን ስለ ሟች እናቴ አንድ አንቀጽ ልጽፍ ስነሣ ይህ ልብስ አልበቃ አለኝ።

እናቴ ጠዋት ጠዋት ጥጥ ትፈትል ነበር። «ሺ ዎዝ ስፒኒንግ» ብል አንባቢው በአንድ ወቅት እንዝርት ይዛ ያገኛታል እንጂ ልማዷን አያውቅም። ለልማድ፣ ከተራው የኃላፊ ጊዜ ሌላ፣ «ዩስት ቱ» እና «ዉድ» አሉ። (ውድነቱ የዋጋ አይደለም፤ ስሙ ነው።)

«ሺ ዩስት ቱ ስፒን» ሲባል ነገሩ ድሮ ነበረ፣ አሁን ቀርቷል ማለት ነው። «ሺ ዉድ ስፒን» ግን ብቻውን አይቆምም፤ ወቅቱ አስቀድሞ መነገር አለበት። «ልጅ ሳለሁ» ከተባለ በኋላ ግን እንደ ልብ ይሄዳል፤ ትነሣለች፣ እሳት ታያይዛለች፣ ትፈትላለች። ትዝታ ለማውራት ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። ስለዚህ በ«ዩስት ቱ» ጀምሬ በ«ዉድ» ቀጠልኩ።

ጣጣው ወዲህ ነው። «ዉድ» ለተደጋገመ ድርጊት እንጂ ለኑሮና ለሁኔታ አይሆንም። «ደሴ እንኖር ነበር» ለማለት «ዊ ዩስት ቱ ሊቭ» እንጂ «ዊ ዉድ ሊቭ» አይባልም። «ሦስት ዓመት ኖርን» ከሆነ ደግሞ፣ ዘመኑ ስለተቆጠረ፣ «ዩስት ቱ»ም አይገባም፤ «ዊ ሊቭድ» ይበቃል።

«ዉድ ማለት እኮ ‹ቢሆን› ለሚለው ነው፤ ከልማድ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጓደኛ አለኝ። እስቲ የገዛ ቋንቋችንን እንስማ። «ጥጥ ብታገኝ ትፈትል ነበር» ስንል ቢሆን ማለታችን ነው። «ጠዋት ጠዋት ትፈትል ነበር» ስንል ልማድ ነው። ግሱ አንድ፣ «ነበር»ም አንድ! እንግሊዝኛው በ«ዉድ» የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ታዲያ ተማሪው ከእናቱ ቤት ይዞት የመጣውን ነገር ባዕድ ደንብ አስመስለን ለምን እናስፈራራዋለን? ሁለቱን የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን መጻፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰሌዳው ፊት ለምትቆሙ አንድ ነገር ልጨምር፤ «ዩስት ቱ» አጻጻፉ «ተጠቀመ» ከሚለው ከ«ዩዝድ» ጋር አንድ ነው፤ ሲነበብ ግን «ዝ» የለበትም።