ገበያ መሃል ካሜራ ይዞ መቆም

እሁድ ጠዋት በአዲስ አበባ የእሁድ ገበያዎች የመቂ ሽንኩርት ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጎን ይወርዳል። የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ደላላ መሃል ሳይገባ ምርታቸውን ለሸማቹ እንዲያቀርቡ ታስቦ የተከፈቱ ገበያዎች ናቸው። ዘምቢልና ፌስታል ያንጠለጠለው ሰው ዋጋ እየጠየቀ ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ይዞራል። የጎዳና ፎቶግራፍ መለማመድ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚመች ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ገበያ ላይ ሁሉም ሥራ አለው፤ ዓይኑ ሚዛን ላይ፣ እጁ ብር ላይ፣ ጆሮው የጎረቤት ዋጋ ላይ ነው። ካሜራ የያዘውን ሰው ለአፍታ ቢያየውም ወዲያው ረስቶት ወደ ክርክሩ ይመለሳል።

እንዲህ ያለው ፎቶ፣ ሰው ሳይዘጋጅ በሥራው ላይ እንዳለ የሚነሳው፣ ከቆየው የፎቶ ልማዳችን ጋር ይጋጫል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፎቶግራፍ የተለመደው በስቱዲዮ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀውበታል። ፎቶ የሚነሳ ሰው የክት ልብሱን ይለብሳል፣ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፊቱን ኮስተር ያደርጋል። ይህ ለራስ ክብር መስጠት ነው። ታዲያ ከሌሊት ጀምራ ጆንያ ስትፈታ ያነጋች ሴት ጎንበስ ብላ ቲማቲም ስትደረድር ካሜራ ቢነጣጠርባት፣ “እንዲህ ሆኜ?” ብላ ነጠላዋን ብታስተካክል ልክ ነች። ፎቶ አንሺው ይህን እንደ መሰናክል ሊያየው አይገባም። ሴትየዋ ስለ ራሷ ምስል አስተያየት አላት፤ መደመጥ አለበት።

አስተያየቷ እንዲደመጥ የሚያስገድድ ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ምስል በቢቢሲ ተላልፎ ዓለምን አነቃነቀ፣ እርዳታም አስገኘ። በዚያው መጠን ግን የኢትዮጵያዊ ገበሬ ፊት በብዙ የውጭ ሰዎች ዓይን ለዓመታት የረሃብ ፊት ሆኖ ቀረ። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ስትመሠርት አፍሪካ የምትታይበትን ምስል የመለወጥ ሐሳብ ይዛ ነው። ገበያ ውስጥ ካሜራ የሚያነሳ ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የዚህ ታሪክ ወራሽ ነው። የተቀደደ ጫማና የተሰነጠቀ ተረከዝ ፈልጎ ማንሳት ቀላል ነው። የጫማው ባለቤት የሆነችው ሻጭ ግን በልቧ የአምስት ደንበኛ ሒሳብ ይዛለች፣ ዱቤ ያለበትን ታስታውሳለች፣ የነገን የመጓጓዣ ዋጋ ትገምታለች። ይህንን የሚያሳይ ፎቶ ከባድ ነው፤ መሞከር ያለበትም እሱ ነው።

እንዴት ይነሳል? በመዞር የሚሆን አይመስልም። ገበያውን ከዳር እስከ ዳር የሚያካልል ፎቶ አንሺ ብዙ ፎቶ ይዞ ይመለስ ይሆናል፤ አብዛኞቹ ግን የጀርባና የጆንያ ፎቶዎች ናቸው። አንድ መደብ አጠገብ የቆመ ሰው ድርድሩን ከነሥርዓቱ ያያል። ሸማቿ ዋጋ ትጠይቃለች፤ “አያዋጣኝም” ብላ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፤ ሻጯ ከኋላዋ “ነይ እሺ፣ ስንት ትጨምሪያለሽ?” ትላለች። ሚዛኑ ይነሳል። ከዚያ “መርቂልኝ እንጂ” ይመጣል፣ ሻጯም እያጉረመረመች ሁለት ራስ ሽንኩርት ትጨምራለች። ያቺ የምራቂ ቅጽበት የገበያው ሁሉ ጨዋታ የሚታይባት ናት፦ የሰጪዋ እጅ፣ የተቀባይዋ የተከፈተ ፌስታል፣ ሁለቱም ላለመሳቅ የሚታገሉበት ፊት። ድርድሩ በቅደም ተከተል ስለሚሄድ ምራቂው መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የፎቶ አንሺው ፍጥነት የሚባለውም በአብዛኛው ይኸው ቀድሞ ማወቅ ነው።

ካሜራውም ቀድሞ ይዘጋጃል። ሃያ ስምንት ሚሊሜትር ሌንስ በፉል ፍሬም ካሜራ ላይ፣ ቀዳዳው ኤፍ 8 ላይ ሆኖ ትኩረቱ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ከታሰረ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ እስከ አሥር ሜትር ያለው ሁሉ በበቂ ጥራት ይወጣል። እጅ ፈጣን ስለሆነ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ ባይወርድ ይመረጣል። አስቸጋሪው ብርሃኑ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ይከርራል፤ ከላይ የተወጠረው ሰማያዊ ሸራ ደግሞ ቀለሙን ፊት ላይ ይጥላል። ነጭ ነጠላም ካሜራን ያታልላል፤ ካሜራው ነጩን ግራጫ ሊያደርግ ሲል የለባሿን ፊት ያጠቁረዋል። መፍትሔው ብርሃኑን ከፊቷ ላይ መለካት ነው፤ በስልክም ቢሆን ስክሪኑ ላይ በሚታየው ፊቷ ላይ ጣትን አሳርፎ ማስተካከል ይበቃል። ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ችግር የለውም፣ ፊቷ ግን መጥፋት የለበትም።

ስልክ ስለተነሳ፣ ግርማ በርታን አለመጥቀስ ይከብዳል። የአዲስ አበባን መንገደኞች በአይፎን አንስቶ፣ ከአካባቢያቸው ነጥሎ በደማቅ ቀለም ላይ ያኖረበት “ሙቪንግ ሻዶውስ” የተሰኘው ሥራው ታውቆለት እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ የሰጡትን ድጋፍ ካገኙት ሦስት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆኗል። ከሥራው የሚታየው የመሣሪያ ውድነት አይደለም፤ የአረማመድ፣ የአሸካከምና የአቋቋም ንባብ ነው።

መደበቅስ? አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ዎከር ኤቫንስ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ ካሜራውን ካፖርቱ ሥር ሸሽጎ ተሳፋሪዎችን አንስቷል፤ ፎቶዎቹን የያዘው መጽሐፍ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የምድር ባቡር ተሳፋሪ ተነስቶ ይሄዳል፣ ዳግመኛም ላይገናኙ ይችላሉ። ገበያ እንዲህ አይደለም። ሻጯ በሚቀጥለው እሁድም እዚያው ናት፣ ሸማቹም እዚያው ነው። ተደብቆ የተነሳ ፎቶ አንድ ቀን በስልክ ዞሮ እሷው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ገበያ ላይ የሚያዋጣው መንገድ መታወቅ ነው፦ ሰላምታ መስጠት፣ ሽንኩርቱን መግዛት፣ ካሜራውን አንገት ላይ በግልጽ ማንጠልጠል፣ ተመልሶ መምጣት። የለመዱት ሰው ካሜራ ሲያነሳ ማንም ቀጥ ብሎ አይቆምም። ለፎቶ ተብሎ ገንዘብ መስጠት ግን ነገሩን ይቀይረዋል፤ የተከፈለው ሰው የተከፈለበትን ለማሳየት ይቆማልና።

ሕጉም ይህን መንገድ የሚደግፍ ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከነዚህም አንዱ ምስሉ ሕዝብ ከሚመለከተው ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን ነው። የገበያው ትርምስ በዚህ ሥር ይገባል ብሎ መከራከር ይቻላል። የአንዲት ሴት ፊት ብቻውን ተቆርጦ የዘይት ማስታወቂያ ላይ ሲለጠፍ ግን የገበያ ፎቶ መሆኑ ቀርቷል። ኒው ዮርክ ውስጥ ፎቶ አንሺውን ፊሊፕ-ሎርካ ዲኮርሺያን፣ ታይምስ ስኩዌር ላይ ሳያውቅ የተነሳ ሰው ከስሶት፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራው ጥበብ ነው ብሎ ክሱን ውድቅ አድርጓል። የኢትዮጵያ ሕግ መነሻ የተለየ ነው፣ የሚጀምረው ከተነሺው ፈቃድ ነው። ሻጯ “አጥፋው” ካለች ማጥፋት፣ እናቱ አጠገቡ የሌለችን ሕፃን አለማንሳት፣ ለዚህ ሙግት አያስፈልግም።

ፎቶው ለምን ይደክምበታል ለሚል፣ የፒያሳው አትክልት ተራ ምላሽ ይሰጣል። በኮሮና ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ከጥምቀት በፊት ደግሞ ከዚያ ተነስቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ሌሊት አይሱዙ የሚያራግፉት ወጣቶች፣ የጭቃው መንገድ፣ የጎመን ክምር፣ በጩኸት የሚደረገው ሒሳብ፣ ፒያሳ ላይ አሁን የሉም። ያኔ ለዕለት ጉዳይ የተነሳች ፎቶ ዛሬ ማስረጃ ናት፤ ቀንና ቦታ ካልተጻፈባት ግን የየትኛው ገበያ እንደሆነች ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከገበያ የተመለሰ ሰው ማታውን ፋይሉ ላይ የገበያውን ስም፣ ቀኑን፣ የሚሸጠውን ዕቃና የዕለቱን ዋጋ ይጻፍበት። ከፎቶዎቹ መካከል የተሻለችውን ደግሞ አሥር በአሥራ አምስት አሳትሞ በሚቀጥለው እሁድ ለሻጯ ይውሰድላት፤ ለሌላ ሰው ሊያሳያት ከፈለገም ፈቃዷን የሚጠይቀው ያኔ፣ ፎቶዋን በእጇ ይዛ ነው።