የሻገተ እንጀራና የእህቴ የወር መርፌ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ስለ ፈንገስ ሳስተምር አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ፔኒሲሊን ከሻጋታ ከሆነ የሚሠራው፣ የሻገተ እንጀራ የበላ ሰው መድኃኒት ወሰደ ማለት ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ጥያቄውን ወድጄዋለሁ።

እንጀራ ሦስት አራት ቀን ሲቆይ ከሚያወጣው ሻጋታ ውስጥ የፔኒሲሊየም ዘመዶች አሉበት፣ ይሄ እውነት ነው። ግን የፔኒሲሊየም ዘር ሁሉ ፔኒሲሊን አይሠራም፤ ከጎኑ ደግሞ መርዝ የሚያመነጩ ሌሎች ሻጋታዎች አብረው ሊበቅሉ ይችላሉ። ሻጋታ ያለ እርጥበት አይኖርም። እናቶቻችን የተረፈውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥተው ድርቆሽ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ባዮሎጂ ሳይማሩ ያወቁት ነገር ነው።

የሚሠራው ሻጋታም ቢሆን የሚሰጠው ኢምንት ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) ለንደን፣ ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ውስጥ ሻጋታ በበቀለበት ሳህን ላይ ባክቴሪያዎቹ ሲሟሙ አየ። አጥርቶ ለማውጣት ግን አልተሳካለትም። በ1941 የኦክስፎርዶቹ ፍሎሪ፣ ቼይንና ሂትሊ አንድ ፖሊስ ማከም ጀመሩ። ሰውየው ማገገም ሲጀምር መድኃኒቱ እያለቀ ሄደ፤ ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው ሰጡት። በመጨረሻ ጠብታ ስላልቀረ ሰውየው ሞተ። መላ የተገኘው በ1943 ነው፦ አሜሪካ ፒዮሪያ ከተማ አንድ የሻገተ ሜሎን ላይ ከፍሌሚንጉ በጣም የበለጠ ፔኒሲሊን የሚሰጥ ዝርያ ተገኘ። የፋብሪካዎቹ ሻጋታ የዚያ ሜሎን ዘር ነው።

ሻጋታው ስኳር እንደልቡ ሲያገኝ ማደጉ ላይ ነው የሚያተኩረው። ምግቡ ሲመናመን ሦስት አሚኖ አሲዶችን ገጣጥሞ ፔኒሲሊን ይሠራና ወደ ውጭ ይለቃል። ባክቴሪያውን እንዴት ይገድላል? እኛ ኦሎምፒያ የምንኖር ሰዎች ምሳሌ አናጣም፤ ዞር ባልን ቁጥር ግንባታ ነው። ፌሮ ሲታሰር አይታችኋል አይደል? ብረቶቹ የሚተላለፉበት ቦታ ሁሉ በሽቦ ይታሰራል። የባክቴሪያ ግድግዳም እንደዚያ የታሰረ መረብ ነው። ባክቴሪያው ለማደግ አሮጌውን እስር እየፈታ አዲስ ያስራል። ፔኒሲሊን የሚይዘው የአሳሪውን ኢንዛይም እጅ ነው። ፈቺው ሥራውን ቀጥሏል፣ አሳሪው ታስሯል፤ ውኃ ከውጭ ይገባል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የእኛ ሴል እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ስለሌለው አይነካም።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። ታናሽ እህቴ የ11 ዓመት ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን አመማት። ጎረቤት «እንጥሏ ይቆረጥ» አለ፤ እናቴ እምቢ አለች፣ እግዜር ይስጣት። በሳምንቱ ተሻላት፣ ተረሳ። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ፣ እሱ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷ። «ብርድ ነው» ተባለ። ደረጃ ስትወጣ ማለክለክ ስትጀምር ነው ሐኪም ዘንድ የሄድነው፤ የልብ ቫልቯ ተጎድቷል። የጉሮሮው ስትሬፕቶኮከስ ነበር፤ ሰውነቷ እሱን ሲዋጋ የራሷን ልብ አብሮ መታ። አገራችን ውስጥ በዚህ በሽታ ስንት ልጅ እንደሚሰቃይ ጥቁር አንበሳ የልብ ክፍል ተራ ጠብቆ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ትወጋለች። ወተት የመሰለ ወፍራም መርፌ ነው፣ ያማል። ጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ እየሟሟ ለሳምንታት ደሟ ውስጥ ይቆያል። የተጎዳውን ቫልቭ አያድንም፤ አዲስ ስትሬፕቶኮከስ ገብቶ ይበልጥ እንዳይጎዳው ነው የሚጠብቀው። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ፍሌሚንግ ሳህን ላይ የሞተው የስታፊሎኮከስ ዘር ዛሬ አብዛኛው ፔኒሲሊንን ተላምዷል፣ የእህቴን ልብ የመታው ባክቴሪያ ግን ከ80 ዓመት በኋላም ለፔኒሲሊን ይሞታል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

ችግሩ የሚወጋ ማግኘት ነው። ባለፈው ወር ሁለት ክሊኒኮች «አለርጂ ሊነሳባት ይችላል፣ ኃላፊነት አንወስድም» ብለው መለሷት። ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ ከባድ አለርጂ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ ሲያጋጥም ይገድላል። ግን አድሬናሊን አዘጋጅቶ፣ ከመርፌው በኋላ አስቀምጦ እያዩ መስጠት ይቻላል። ለዓመታት ያለ ችግር የወሰደችን ልጅ ካርዷን ሳያዩ መመለስ ጥንቃቄ አይደለም። እሷ ደግሞ መርፌውን ስለምትጠላ «አልወጋም አሉኝ» ብላ ቤት ስትገባ ደስ ብሏት ነበር። እኔ ነኝ ያልተኛሁት። በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ሌላ ጤና ጣቢያ ወስጃት ተወጋች።

ለተማሪዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት፣ የእህቴን ነገር ሳልጨምር። «ታዲያ ቲቸር፣ ጉሮሮዬን ሲያመኝ ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ሁለት ቀን ብውጥስ?» አለኝ። አይሆንም አልኩት፤ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው፣ ቫይረስ ደግሞ የሚፈርስ የፌሮ ግድግዳ የለውም። ስትሬፕቶኮከስ ከሆነም ሐኪሙ የሚያዝልህ እስከ መጨረሻው የሚወሰድ ነው፣ ሁለት ቀን ላይ የሚቆም አይደለም።

የእህቴ ቀጣይ መርፌ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከኦሎምፒያ እስከ ቦሌ ባለው አካባቢ ይህን መርፌ ሳያንገራግር የሚሰጥ ጤና ጣቢያ የምታውቁ፣ በተለይ ነርስ የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።