የንጉሥ ቤት ጸሐፊ

«ንጉሡ በሌሉበት ቤት ማንን ነው የምታገለግለው?» ብላ ነበር እናቴ ያስጻፈችልኝ። ጊዜው ጥቅምት 1990 ዓ.ም. ነው። ደብዳቤውን የጻፈላት የሰፈራችን ዲያቆን ሲሆን ወረቀቱ ከሒሳብ ደብተር የተገነጠለ ነበር፤ ፖስታውን ስከፍተው የጭስና የለጋ ቅቤ ሽታ ስምንት ሆነን የምናድርበትን ዶርም ሞላው። ጥፋቱ የእኔው ነው። ከዚያ በፊት በላክሁላት ደብዳቤ «እማዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ሥራ ይዣለሁ፤ የምሠራውም ጃንሆይ በኖሩበት ቤት ነው» ብዬ ጽፌ ነበርና፣ እሷም ልጄ ሹመት አገኘ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ቡና አፍልታ ኖሯል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዲህ ነው፤ አንዲት ቃል ሳይዋሽ ሰው ያሳስታል።

ቤቱማ እውነትም የጃንሆይ ነበር። ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ግቢ ነው፤ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ሚኒስትሮችና መኳንንት የተረሸኑትም እዚሁ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሪቻርድ ፓንክረስት በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም መኖሪያው እዚያ ሆነ። እኔ ይህን ታሪክ ያወቅሁት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ስለሆነ፣ ካወቅሁ ወዲህ መሸት ሲል ኮሪደሩን የማልፈው ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ፣ ግራ ቀኝ ሳላይ፣ በውስጤ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ነበር። ፎቅ ላይ የንጉሡ መኝታ ቤት እንደነበረ ተጠብቆ ለጎብኚ ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ እኛ፣ የቀለም ነጠብጣብ ያለበት ሹራብ የለበስን ልጆች፣ እርሳስ እየቀረጽን ወረቀት እናገላብጣለን።

የማገለግለው እንግዲህ ተማሪን ነበር። እንደ እኔ ያለውን አይደለም፣ ትልቁን ተማሪ። በዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት በ1970ዎቹ መባቻ ከተጀመረ ወዲህ ከየክፍለ ሀገሩ አስተማሪዎች፣ ልጆቻቸውንና ሚስቶቻቸውን ትተው፣ ማስተርስ ሊሠሩ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ያልቃል፤ ሁለተኛው ዓመት ለቴሲስ ነው፤ ያ ዓመት ደግሞ እንዴት እንደሚሮጥ የሮጠበት ያውቀዋል። ገጠር ወርዶ ሰው ማነጋገር፣ ከዚያ ተመልሶ የቀዱትን ካሴት መገልበጥ፣ የድሮ ጋዜጣ ማገላበጥ፣ ሁሉንም ጽፎ ለአድቫይዘር ማቅረብ። ለአንድ ሰው የሚበዛው ሥራ ለእኛ ለታናናሾቹ ይተርፋል፤ ክፍያውም ከራሳቸው ኪስ ነው።

እኔን የቀጠሩኝ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ረዥም፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ነበሩ። ስማቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ከ«ጋሼ» ሌላ ጠርተናቸው አናውቅም። የመንዝ ባልቴቶችን ተረትና የለቅሶ ግጥም ነበር የሚያጠኑት። ግሬዴን አልጠየቁኝም። «እስቲ ጽሑፍህን ልየው» አሉና ሉክ ሰጡኝ፤ ምን ልጻፍ ብዬ ሳመነታ «የአባትህን አገር ጻፍ» አሉኝ። የኔታ በአለንጋ ያቀኑት እጄ አላሳፈረኝም። ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ ቀረብ አድርገው አዩና «ይኼ ሀ ሀ ነው» አሉ። ተቀጠርኩ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ ጋዜጣ ነበር። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ተጠርዞ ተቀምጧል፤ ጥራዙ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ የአሮጌ ድርቆሽና የሻማ ሽታ ድብልቅ ነው፤ ወረቀቱ ጠርዝ ጠርዙ እንደ ደረቅ እንጀራ ስለሚፈረፈር ትንፋሽን ዋጥ አድርጎ ነው የሚገለጠው። ስለ ተረት የተጻፈውን ሁሉ እየፈለግሁ ካርድ ላይ እገለብጣለሁ፤ በስተቀኝ ቀኑን፣ በስተግራ ገጹን። የምፈልገውን ትቼ የጠፋ በቅሎ ማስታወቂያ ሳነብ፣ ጊዜው ያለፈበት ግን የሚጣፍጥ የሹም ሽር ዜና ሳነብ ስንቱ ከሰዓት በኋላ አለፈ! ጋሼ ካርዶቹን ቆጥረው ሲያንሱባቸው «በቅሎዋ ተገኘች ወይ?» ይሉኝ ነበር።

ሲያምኑኝ ካሴት ሰጡኝ። የዘጠና ደቂቃ ካሴት፣ ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የቀበሌውና የባልቴቷ ስም የተጻፈበት፣ ከአንዲት ትንሽ ቴፕና ከጆሮ ማዳመጫ ጋር። የአንዱን ሰዓት ድምፅ ወደ ወረቀት ለመመለስ ስድስት ሰዓትም ሰባት ሰዓትም ይፈጃል፤ ታቆማለህ፣ ትመልሳለህ፣ ትጽፋለህ፣ እንደገና ትመልሳለህ። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፦ «የሰማኸውን ጻፍ፤ አታሳምርላቸው።» ባልቴቷ ብታስል «ሳል» ብዬ በቅንፍ እጽፋለሁ፤ ብትስቅ «ሳቅ»። ቡናው ሲቆላ የምጣዱ ሿሿታ ይሰማል፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንድ ዶሮ ደግሞ ከተረቱ መሀል እየገባ እንደ ቀጠሮ ይጮኻል። «ዶሮ ጮኸ» ብዬ በቅንፍ ጻፍኩ።

አንድ ሌሊት የዶርም ልጆች ሁሉ ተኝተው፣ እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በጧፍ ብርሃን ስገለብጥ፣ ባልቴቷ ስለ አንድ እረኛና ስለ ቀበሮ እያወራች ሳለ ከወደ ሩቅ ረዥም፣ ወፍራም ግሣት ሰማሁ። መለስኩት፤ የለም። ጨምሬ መለስኩት፤ የለም። እንደገና ወደፊት ስሄድ ደግሞ አገሣ። በእንቅልፍ ልቤ «አንበሳ አገሣ» ብዬ በጥሩ ጽሑፌ በቅንፍ ጻፍኩና ተኛሁ። ማልደው ያነበቡት ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «አንተዬ፣ መንዝ ላይ አንበሳ ካየሁ እኔም ዕድሜዬ ማቱሳላን አልፏል» አሉ። ለካ ያ የሰማሁት ከመንገዱ ማዶ ያለው፣ በጃንሆይ ዘመን የተቋቋመው የአንበሳ ግቢ አንበሳ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ንጋት ላይ ስሰማው የኖርኩት። ጋሼ ሳቃቸው አልቆም ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ጣሊያን የፋሺስትን ዘመን በእርከን እየቆጠረ የሠራው፣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበት ደረጃ ነበርና፣ ወደ ላይ እያዩ «አንተ ነህ የምታሳስተው!» አሉት።

አንበሳውን በእጃቸው ሰረዙት። ዶሮውንም እሰርዘው ስላቸው ግን እጄን ያዙ። «ተወው። እኚህ ሴትዮ ተረቱን የነገሩኝ ዶሮ እየጮኸ ነው።»

ክፍያውን ስቀበል ወደ ግቢው በር እወርዳለሁ፤ እዚያ ቆሎ የሚሸጡ እናት አሉ። ገብስና ሽንብራ፣ ሱፍ ጣል የተደረገበት፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀው። መጠቅለያው ከየትም የመጣ ወረቀት ነው፤ አንድ ቀን ቆሎዬን ጨርሼ ወረቀቱን ስዘረጋው የአንድ የማስተርስ ተማሪ የተጣለ ረቂቅ ሆኖ አገኘሁት፣ አድቫይዘሩ በቀይ «ይህን ማን አለ?» ብሎ የጻፈበት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ ማን እንዳለ ሳልጠይቅ የጻፍኩት ነገር ጥቂት ነው፤ ያንን ትምህርት በቆሎ ዋጋ ነው የገዛሁት ማለት ይቻላል።

የጋሼ ዲፌንስ ቀን ክራቫት ተውሼ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። አንዱ መርማሪ አባሪውን እየገለጠ «ይህ ዶሮ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቤቱ ሳቀ፤ እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ጋሼ አልተደናገጡም፤ ረጋ ብለው ስለ ተረት ጊዜና ቦታ፣ ማን ለማን በየትኛው ሰዓት እንደሚተርት፣ ያ ሁሉ ተራቁቶ ቃሉ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚጎድል አስረዱ። ሲያልቅ ለስላሳና ዳቦ ቀረበ፤ የእኔን ጠርሙስ ራሳቸው ከፍተው ሰጡኝ። ምስጋናው ላይ ስሜ አለ፣ ከሚስታቸው ቀጥሎ፣ ከአድቫይዘራቸው በፊት።

ለእናቴ ጥያቄ የመለስኩት መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «እማዬ፣ የማገለግለው ባልቴቶችን ነው፤ ቃላቸው እንዳይጠፋ እጽፍላቸዋለሁ።» ዲያቆኑ ሲያነብላት ስቃ «እኔስ ባልቴት አይደለሁም?» ማለቷን በኋላ ነገሩኝ። ክረምት ላይ አገሬ ስገባ ቴፕ ይዤ እመጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር። በዚያ ክረምት ሥራ በዛ፤ በሚቀጥለው ምርቃት ሆነ፤ በሚቀጥለው ደግሞ ምን እንደነበረ እንኳ አላስታውስም። የመንዝ እናቶች ድምፅ በእጄ ጽሑፍ፣ ከነሳላቸው ከነሳቃቸው ተጠርዞ ተቀምጧል። ከእናቴ ድምፅ የቀረኝ ግን ያቺ ዲያቆኑ የጻፋት አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት።

እንግዲህ ወዳጄ፣ እናትህ በሕይወት ካሉ ዛሬ ቴፕ መዋስ፣ ካሴት መግዛት አያሻህም፤ ስልክህ ይበቃል። ቡናው ሲፈላ አጠገባቸው አስቀምጠውና አስወራቸው። ዶሮ ቢጮህ አታጥፋው፤ ተወው፣ ይጩህ።